የዘገየ እንኳን ደስ ያላችሁ

ጥቅምት 4 ቀን 1979፣ ሞጣ

ሰጠኝ ከውትድርና ተመለሰ።

ጥቅምት 5

የጎረቤቴ የከፋለ ልጅ ነው። ከኔው ልጅ ከደምለው ጋር በአንድ መኪና ተጭነው ሄዱ። ከዚያ ለየብቻ ተመደቡ... ስለ ደምለው የሚያውቀው ነገር የለም። እኔም የማውቀው የለም።

ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል ይገባል፣ ይወጣል። እዚህ ከተማ ከከፋለ ሌላ የማን ቤት ገብቼ አውቃለሁ? ጫማዬን አደረግሁ። መልሼ አወለቅሁት።

ጥቅምት 7

ሀብትነሽ፣ የከፋለ ሚስት፣ ከድግሱ ዶሮ ወጥ ላከችልኝ። አንዴ ጎረስኩ። የቀረውን ለውሻ ሰጠሁት። ሳህኑን በአንድ ተማሪዬ መለስኩ። ክፉ ሰው ሆኜ ይሆን?

ጥቅምት 9

በነሱ በር ላለማለፍ በጊዮርጊስ በኩል ዞሬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍል ስገባ አርፍጃለሁ።

ጥቅምት 11፣ ቢቸና

በጭነት መኪና መጣሁ። እህቴ ይርጋነሽ ምስር እየለቀመች ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቀና አላለችም።

«ቀንተሃላ።»

«የሰው ልጅ በሕይወት በመመለሱ?»

«ታዲያ ሰው በምን ይቀናል? በበሬ ብቻ?»

ከምስሩ አንድ ጠጠር አንስቼ ወረወርኩ።

«ቅና። ግን ሂድና እንኳን ደስ ያላችሁ በል። አንተን ማን ደስ ይበልህ አለህ?»

ተናደድኩባት። ለሷ ቀላል ነው... ቅናት። ይኸው ጻፍኩት።

ጥቅምት 13፣ ሞጣ

በራቸው ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩ።

ጥቅምት 15

በቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ተባለ። ተሰለፍኩ። ሀብትነሽ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«መምህር፣ ጠፉሳ።»

«ሥራ በዛብኝ።»

«ለስኳርስ ጊዜ ተገኘ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሰጠኝ ሲስቅ ከፋለ ይቆጣዋል። ቀስ በል፣ መምህሩ ይሰማል ይለዋል። ስንት የተሳልንበት ልጅ መጥቶ... በገዛ ቤታችን በሹክሹክታ ተቀመጥን።»

ያ ቅናት ዛሬም ደረቴ ላይ ነው። ሰጠኝን ሳየው ደምለውን መፈለጌ አይቀርም። እስኪለቀኝ ስጠብቅ ነበር። ባይለቀኝስ?

«ከፋለ ቤት ነው?»

«የት ይሄዳል።»

ተራዬ ደርሶ ባለሱቁ ስሜን ጠራ። ከረጢቴን ለሀብትነሽ አቀበልኳትና ከሰልፉ ወጥቼ ወደ ከፋለ ቤት ሄድኩ።