ከሥዕሉ የተረፉ ሁለት ነሐሶች

መካነ ሰላም
ሚያዝያ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

«አባባ፣ ጡረታዎ ስለደረሰ ጊዜ ማሳለፊያ ይሆንዎታል ብዬ ይህችን ትንሽ የእንጨት የባቡር ፉርጎ ልኬያለሁ። ገጣጥመው ይሥሯት። ክረምት እመጣለሁ ያልኩትን ይተዉት፤ እኔን አይጠብቁ።»

ለልጄ፣

ከላይ ያለውን ቃል በቃል የገለበጥኩት የጻፍከውን እንዳትክድ ነው። አሁን ሰላምታው ይቅደም። በዚያ በጀርመን አገር ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱ ለቀቀህ ወይ? የደረት ሕመምህስ አልተመለሰብህም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት የማሸጊያውን ገለባ አንድ በአንድ አራግፋ ፈተሸች። ከዚህ ሁሉ ጭራሮ ጋር የላከው ወረቀት ይቺው ብቻ ናት? አለችኝ። ይቺው ናት አልኳት። ከዚያ ወዲያ የሳጥኑን ነገር አላነሳችም።

ጊዜ ማሳለፊያ አልከው። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው የሚያባርረው ጊዜ የተረፈው ይመስልሃል? ሳጥኑን መልሼ ልልክልህ ነበር። ነገር ግን የተቀበልኩትን ዕቃ ሳልቆጥር አልመልስም። አብሮ የመጣውን የአሠራር ሥዕል ዘርግቼ ቆጠርኩ። በሥዕሉ ያሉት ስልሳ ሁለት፣ በሳጥኑ ያሉት ስልሳ አራት። ሁለት ትንንሽ ነሐሶች ተረፉ። ፋብሪካው መቁጠር አያውቅም ብዬ በክብሪት ቀፎ ለብቻ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ንዴቴ ሳይበርድ ሥራውን ጀመርኩ።

ሙጫው በመንገድ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። መጽሐፍ ደጓሹን መሪጌታ አካሉን ታስታውሳቸዋለህ፤ ቆዳ ቀቅለው ሙጫ ያወጣሉ። ልለምናቸው ብሄድ፣ የእኔ ሙጫ ብቻውን ሰው ቤት አይሄድም ብለው አብረውት መጡ። አንድ ግድግዳ ባጣበቅን ቁጥር በሁለት ጣውላ መካከል ጠፍረው ድንጋይ ይጭኑበትና እስከ ማግስቱ አይነካም ይላሉ። እኔ በየሰዓቱ ልፈታው እነሣለሁ። መምህር፣ ሙጫ በቁጣ አይደርቅም፤ በቁጣ ቢደርቅማ እርስዎ ቤት እርጥብ ነገር ባልተገኘ ነበር አሉኝ። እናትህ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

የራሴንም ጥፋት ልጻፍ። ሥዕሉ የመንኮራኩሮቹን ዘንግ ዘይት ቀቡ ይላል፤ እኔ ቤት ውስጥ ያለውን የኑግ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። በሦስተኛው ቀን ቀጥ ብሎ ቆመ። ኑግ ሲሰነብት እንደሚጣበቅ ጓዳ የገባች ሴት ሁሉ ታውቃለች። በላምባ አጥቤው፣ ልብስ ሰፊውን ጎረቤታችንን ሼህ ይማምን የስፌት መኪናቸውን ዘይት ለመንኳቸው። እሳቸውም ዘይቱን ይዘው መጡ፤ ፉርጎውን ከፊትም ከኋላም ካዩ በኋላ፣ በቅሎዋ የምትታሰረው በየት በኩል ነው? አሉ። መሪጌታ ባቡር አይተው የማያውቁት ሰው፣ ይህ በቅሎ አያሻውም፣ እሳት ነው የሚጎትተው፣ እሳቱ ገና ከጀርመን አልመጣም ብለው መለሱላቸው።

ከሳጥኑ የወጣው ሐዲድ ሁለት ስንዝር ነው። ፉርጎውን አስቀመጥኩበት። ማንም አልነካውም። መሪጌታ ሊያዩት ጎንበስ ቢሉ ትንፋሻቸው ብቻ ደረሰበትና ሄደ። ድምፅ የለውም። እስከ ሐዲዱ ጫፍ ሄዶ ቆመ። ሼህ ይማም ቀስ ብለው ማሻአላህ አሉ፤ መሪጌታ አማተቡ። እኔ ሰበቃን ስንት ዘመን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስቀንስና ስደምር ኖሬ፣ እንዲህ አንሶ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

የቀረው በሩ ነው። ሥዕሉ በሩን አጣብቁት ይላል። መሪጌታ ግን የክብሪት ቀፎውን ከፍተው፣ እነዚህስ ሥራቸው ምንድን ነው? አሉ። አንዱን ከበሩ በላይ፣ አንዱን ከበሩ በታች ሞከርኩ። ልክ ገቡ። በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ነሐሶቹን በማጉያ መነጽር ባያቸው የሞረድ ፈለግ አለባቸው። ፋብሪካ በእጅ አይሞርድም። እንደማያልቅ ነገር ስከፍተውና ስዘጋው ቆየሁ፤ ሽማግሎቹ መቼ እንደወጡ አላየሁም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለህ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን የነሐስ ማጠፊያ ሞርደህ አሳየኸኝ። ግማሽ ሚሊሜትር ጎድሏል ብዬ በመስኮት ወረወርኩት። በማግስቱ ደሴ፣ አጎትህ ዘንድ ሄድክ። እኔም ይመለሳል አልኩ።

እነዚህን ሁለቱን የትምህርት ቤቱን ካሊፐር ተውሼ ስድስት ጊዜ ለካኋቸው። ስህተት አላገኘሁም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለማንም ተማሪ ጽፌ አላውቅም።

እግዚአብሔር እጅህን ይባርከው። ከክፉ ቀን፣ ከክፉ ሰው ይጠብቅህ። የእናትህ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ።

በዚህ ክረምት ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ ከሐምሌ 5 ቀን በፊት እጄ ይግባ። ከዚያ በኋላ ጭቃው አውቶቡሱን ያቆመዋል፤ እኔም ደሴ ወጥቼ ልቀበልህ ከሆነ ቀድሜ መነሣት አለብኝ።

አባትህ