የአርክቴክትና የመሐንዲስ ደመወዝ በቤታችን ስላመጣው ሰላም

ለተከበሩ የኮሌጁ የሙያ ምክር ቢሮ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ያ ግድግዳ ላይ ግራፍ የሚያሳዩበት መሣሪያ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጥቂት ወራት በፊት በአዳራሹ «የትኛው ሙያ ያዋጣል?» በሚል ርእስ ያደረጉትን ንግግር ለመስማት ያልታደልኩ አርክቴክት ነኝ። ባለቤቴ ሲቪል መሐንዲስ ናት። ንግግርዎን የሰሙት አብራን የምትኖረው እናቴና ዘንድሮ የትምህርት ክፍል መምረጥ የነበረባት የእህቴ ልጅ ናቸው፤ ከፊት ተቀምጠው የመሐንዲሱ ደመወዝና የሥራ ዕድል ጣራ ሲነካ፣ የአርክቴክቱ ደግሞ ከወለሉ ብዙም ሳይነሳ ሲቀር በዓይናቸው አይተው መጥተዋል። ስለዚህ ውለታዎን በቅደም ተከተል ላመስግን።

አንደኛ፣ እናቴን ስላስተማሩልኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያን ቀን ድረስ ባለቤቴን «ቀኑን ሙሉ ከሲሚንቶ ጋር የምትውል ምስኪን» እያለች ታዝንላት ነበር። ከአዳራሹ እንደተመለሰች ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «ልጄ፣ ለካ የምታኖርህ እሷ ናት፤ ለምን ደበቅከኝ?» አለችኝ። የሁለታችን ደመወዝ ልዩነት አንድ ጥንድ ጫማ እንደማይገዛ ባስረዳት፣ «ይሁን፣ ምንም አይደል፣ እናትህ አይደለሁ?» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። በዚያው ምሽት ቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ለስላሳ ወንበር ከእኔ ተወስዶ ለባለቤቴ ተሰጠ። በነጋታውም ወጥ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አደራሽን እንዳትተዪው፤ ገቢው ባይረባም ጸባዩ ደህና ነው» ስትላት ሰማሁ። በአርባ ዓመቴ ስለ ጸባዬ ለተሰጠኝ ለዚህ ምስክርነት ባለዕዳዎ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴን ስላከበሩልኝ። መጀመሪያ ላይ ከእኔ ጋር ስቃ ነበር። በሳምንቱ ግን መጋረጃ ስንመርጥ «ቀለሙን ተፈላጊዋ ትምረጥ» ማለት ጀመረች። ይሁንና እርስዎ «ተፈላጊነቱ ከዓመት ዓመት ይጨምራል» ባሉ በሦስተኛው ሳምንት፣ የምትሠራበት ድርጅት የድልድዩ ሥራ ገንዘብ አለቀበትና መሐንዲሶቹን ያለ ደመወዝ ዕረፍት አስወጣቸው። ሄልሜቷን በፌስታል ይዛ ገባች። እናቴ ወንበሩን ወደ እኔ መለሰችው፤ እኔም ገና ሳልቀመጥበት፣ የሆቴል ንድፍ ያዘዘኝ ደንበኛ ሐሳቡን መቀየሩን ደውሎ ነገረኝ። ወንበሩ ባዶውን ሰነበተ። እኔና ባለቤቴ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን የሥራ ማስታወቂያ አነበብን፤ ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ እኩል ሆነን አናውቅም።

ሦስተኛው ላይ ቀልዴን ብቀንስ ይቅር ይበሉኝ። የእህቴ ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ ከጫማ ካርቶን ቤት የምትሠራ፣ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ የምትጨነቅ ልጅ ናት። ከንግግርዎ ማግስት ግን አርክቴክቸር የሚለውን ሰርዛ ሲቪል ምህንድስና ሞላች፤ ካርቶኖቿንም ጠራርጋ ጣለች። እኔ ሥራ ከፈታሁ በኋላ ሙያዬን ምረጪ ለማለት አፌ አልደፈረም። ያናገረቻት ባለቤቴ ናት። «እኔ የገባሁበት ስለምወደው ነው፤ ዛሬ ሥራ አጥቼ እንኳ ድልድይ ሳይ ደስ ይለኛል። አንቺ የማትወጂውን ተምረሽ ሥራ ብትፈቺ ምን ይተርፍሻል?» አለቻት። ልጅቷ አልቅሳ ሲወጣላት ምርጫዬን እለውጣለሁ አለች።

ለውጡ የእርስዎን ፊርማ ይፈልጋል ስለተባለ ሦስታችንም ቢሮዎ መጣን። ጸሐፊዎ በትሕትና «ወጣ ብለዋል» አለችን። በማግስቱም ወጣ ብለው ነበር። ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ግን የልጅቷ ዓይን እንባ ማቅረሩን አይታ አዘነችና፣ «እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄደዋል» አለችን። የእህቴ ልጅ ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቀን ሳቀች። እየሳቀችም ብቻዋን ዲኑ ቢሮ ገብታ አስፈርማ ወጣች።

አሁን አርክቴክቸር እየተማረች ነው፤ ቤታችንም እንደገና በካርቶን ተሞልቷል። እኔና ባለቤቴ ሳሎናችን ውስጥ ትንሽ ቢሮ ከፍተናል፤ እኔ እስላለሁ፣ እሷ ይቆም እንደሆነ ታሰላለች። የመጀመሪያው ሥራችን የአንድ ክሊኒክ መወጣጫ ደረጃ ሲሆን እስካሁን የተጣላነው በእጅ መደገፊያው ብቻ ነው።

ቃለ መጠይቁ እንዲሳካልዎ፣ ለኮሌጁም ተማሪዎች ስል እጅግ በቶሎ እንዲሳካልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣

የዘወትር አክባሪዎ፣
የመሐንዲሷ ባል

ማስታወሻ፦ እናቴ አንድ ጥያቄ አላት። «ሰውዬው ምህንድስና ያን ያህል እንደሚያዋጣ ካወቀ ራሱ ለምን አልገባበትም?» ትላለች። መልሱን ከእርስዎ ለመስማት ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ትመጣለች። የሉም ቢሏት አትሄድም፤ ጡረተኛ ስለሆነች ጊዜ አላት።