ከቅዳሴ በፊት አንድ ጉንጭ ውኃ

የካቲት 10
ለጾሙ ሽሮ አስፈጨሁ። ወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ነበር። ወገቤን ቆረጠኝ፤ ማን ያሽልኛል?

ልጄ ምሥራቅ እንደ ልማዷ ጎህ ሲቀድ፣ ውኃ ልትቀዳ ስታልፍ ገባች። ክኒኗን ከገብሱ ጎታ አውጥቼ ሰጠኋት። ለምታጠባ የሚሆነው የእርግዝና መከላከያ ነው፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት የሚዋጥ። ቤቷ ማስቀመጥ አትችልም። ባሏ፣ ደግሰው፣ ሌላ ወንድ ልጅ ይፈልጋል። እሱ ምን አለበት፣ አይወልድ!

አምና ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ በቃሬዛ ነው ያወረድናት። ሐኪሙ፣ “እናት፣ ቶሎ ከደገመች አናተርፋትም” አለኝ። በስተርጅና ፊደል የተማርሁት ይህን ልጽፍ ኖሯል...

የካቲት 17
ጾም ገባ። ምሥራቅ ክኒኗን ተቀብላ፣ “የጠዋት ኪዳን እንዳያመልጠኝ” ብላ ሮጠች። ውኃ አልጠየቀችኝም። ለምን?

መጋቢት 3
አወቅሁ። ሳስቀድስ ከፊቴ ቆማ ነበር። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ አየሁ። ስንወጣ ያዝኋት።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“ቅዳሴ ሲወጣ ልውጠው ነው፣ እማ። ጾሙን በጠዋት ልሻር?”

ጾሙ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ነው። በአዘቦት በዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ በጠዋት ትውጠዋለች። አንዱማ ከቋጠሮው በላብ ሟሙቶባታል።

“ደግሰውስ፣ በጾሙ ይርቅሻል?” አልኋት። አቀረቀረች። የሱ ጾም ከምላሱ አይወርድም።

መጋቢት 4
ጤና ጣቢያ። ነርሷ አልተቆጣችም። “ከሦስት ሰዓት በላይ ከዘገየ አያስተማምንም። አሁኑኑ ዋጪ። ሁለት ቀን ከባልሽ ራቂ፣ ካልሆነም በኮንዶም።” መረመረቻት፤ እርግዝና የለም። ግን ገና ሊሆን ይችላል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አለች። በክንድ የሚቀበረውን ጠየቅሁ። መንገዱ ስለተዘጋ አልመጣም።

ከወለደች ወር አበባ አላየች። በምን አውቃለሁ?

“ኮንዶም? ምን ብዬ?” አለች ምሥራቅ። ደግሰውን፣ “ልሞት ነው፣ ሁለት ቀን ታስታመኝ” አልሁት።

“እርስዎ ደግሞ የት ይሞታሉ!” አለኝ። ግን ለቀቃት።

መጋቢት 6
የንስሐ አባታችን አባ ኢያቄም ዘንድ ሄድን።

“አባቴ፣ በጾም ጠዋት ክኒን ብትውጥ?”

“መድኃኒት ለታመመ ተፈቅዷል። ታማለች?”

“እስክትታመም ልጠብቅ?”

መስቀላቸውን አሳለሙኝና ሄዱ።

“ሰማሽ? አልታመምሁም እኮ፣ እማ” አለችኝ። ይህችን ልጅ ምን ላድርጋት...

መጋቢት 8
ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ። ክኒኑን ሰጠኋት። ልትቋጥረው ስትል ኩባያዬን አንስቼ አንድ ጉንጭ ውኃ ፊቷ ጠጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሽሬ የማላውቀውን ጾም።

“እማ! ምን አደረግሽ?”

“ሻርሁ። ብቻዬን ልኰነን? ዋጪ!”

ዋጠች።

መጋቢት 9
ዛሬም ጠጣሁ።

መጋቢት 16
ዛሬም። ለፋሲካ መቁረብ ቀረ። ከመነኰስሁ ወዲህ አንድ ፋሲካ አምልጦኝ አያውቅም። ሌላ ምን ነበረኝ? ይኸው እሱም ሄደ። ቀድሞ አርግዛ ከሆነስ? ያን ጊዜ የጠጣሁት ውኃ ለምን ነበር?

እንቅልፍ የለም።

መጋቢት 26
ነርሷ መመርመሪያውን ይዛ ወጣች። ፊቷን ማየት ፈራሁ።

“የለም” አለች።

ግድግዳውን ይዤ ቆምሁ። ምሥራቅ ልጇን አዝላ ትስቃለች። መሳቅ ምን አለባት!

ሚያዝያ 12
ፋሲካ። ሌሊት የቆረቡት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ ከደጅ ቆሜ አየሁ። ጎረቤቴ አመተ ማርያም፣ “ምነው እመሆይ፣ ዘንድሮ?” አለችኝ። አመመኝ አልሁ።

ጎህ ሲቀድ ምሥራቅ መጣች። ክኒኑን ሰጠኋት። ኩባያዬን አንስቼ ጠጣሁ።

“እማ፣ ጾሙ ወጣ እኮ! ዛሬ አንቺ ባትቀድሚም እውጣለሁ።”

ለካስ እጄ ለምዶታል...

ዋጠች። እኔም አፌን በነጠላዬ ሸፈንሁ።