በወይራው መሰላል ላይ ሆኜ አየሁሽ

ውድ ሮዝሊን፣

«ውድ ኢዞር» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ አሁን ሁሉም የሚጠራሽ በዚያ ነውና። እጄ እምቢ አለኝ። ፖስታው ላይ ግን አዲሱን ስምሽን ጽፌዋለሁ፤ የሚያመጣልሽ ሰው አይቸገርም።

ካን ከተማ፣ የፊልም ፌስቲቫሉ ላይ መጥቼ ነበር። አትደንግጪ፣ ማንም ማን እንደሆንኩ አላወቀም።

ነገሩ የጀመረው ፀጉር ቤት ነው። ተራዬ እስኪደርስ መጽሔት ሳገላብጥ ፎቶሽን አገኘሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለፀጉር ሠሪዋ ላሳያት ጣቴን ዘረጋሁ። ከዚያ ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። «እናቴ የሞተችው ሕፃን ሳለሁ ነው» ብለሻል። ጣቴን ሰበሰብኩ።

«ምነው ማዳም አርሌት፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ሙቀቱ ነው» አልኳት። ገና የክረምቱ ብርድ እንኳ በቅጡ አልወጣም ነበር።

አልዋሽሽም፣ ተናድጄብሻለሁ። እኔ እኮ ገበያ መሐል ዶሮ እየበለትኩ ነው ያሳደግኩሽ። አባትሽ ጥሎን ሲጠፋ እንኳ «ሄደ» አልኩሽ እንጂ «ሞተ» አላልኩሽም፤ ማለት አምሮኝ ነበር ግን። በምኔ አፈርሽ? በእጄ ሽታ ነው? በአነጋገሬ ነው? ቤት ውስጥ ብቻዬን እየተንጎራደድኩ ስሰድብሽ ሰነበትኩ። ንዴቱ ሲበርድልኝ ደግሞ ከእሱ የባሰ ነገር መጣብኝ። መጽሔቱ ላይ ብቻ ነው የሞትኩት ወይስ ልብሽም ውስጥ? ይኼ ጥያቄ ምግብ ከለከለኝ። ስልክሽን ከቀየርሽ ቆየሽ፣ የምጠይቀውም ሰው የለኝም። ፊልምሽ በፌስቲቫሉ እንደሚታይ ስሰማ፣ «ፊቷን ልየው፤ እሱ ይነግረኛል» ብዬ ተነሳሁ።

የመግቢያ ወረቀት የሌለው ሰው ተዋናዮቹን በሰው አናት ላይ ለማየት መሰላል ይዞ እንደሚሄድ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። የትኛውን መሰላል እንደሆነ ነው እኔ ያላወቅኩት። ለካ ሰዉ ሁሉ አጭር የወጥ ቤት መሰላሉን ከቀይ ምንጣፉ ፊት ለፊት ካለው የብረት አጥር ጋር በሰንሰለት አስሮ፣ ቀድሞ ቦታውን ይይዛል። እኔ ሞኟ ያንን የወይራ መልቀሚያችንን፣ ጫፉ ላይ ወጥተሽ አልወርድም እያልሽ የምታስጨንቂኝን፣ ተሸክሜው ሄድኩ። ባቡሩ ውስጥ ከተቆጣጣሪው ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የደረስነው።

አጥሩ ጋ ስደርስ በሳቅ ፈነዱ።

«ኧረ በማርያም! አንቺ ሴትዮ፣ ተዋናይ ልታዪ ነው የመጣሽው ወይስ ወይራ ልትለቅሚ?» አለችኝ አንዲት ወፈር ያለች፣ ባለ ሰፊ ባርኔጣ። ዩጌት ትባላለች። በየዓመቱ እዚያ ስለምትቆም የቦታው ሁሉ ዳኛ እሷ ናት።

«ያለኝ ይኸው ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ወደ ኋላ! አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ፤ የኛ ሕግ ነው። ደሞ ምን ቀረብሽ? እዚያ ላይ ሆነሽ መላእክቱንም ታዪያቸዋለሽ!»

አፏ እንደዚያ ይሁን እንጂ ደግ ናት። ከዳቦዋ ቆርሳ ወደ ላይ አቀበለችኝና፣ «ማንን ብለሽ ነው?» አለችኝ።

«ኢዞርን።»

«አዲሷን? አይ ምስኪን። እናት የላትም አሉ።»

ዳቦውን ኪሴ ከተትኩት። «አሉ» አልኩ።

ፀሐይዋ ወደ ኮረብታዎቹ ስታዘቀዝቅ መኪናሽ መጣ። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰሻል። ከስተሻል፣ ሮዝሊን፤ እዚያ የሚመግብሽ ሰው የለም? ፎቶ አንሺዎቹ ሁሉ ከወዲያ በኩል ስለነበሩ ለኛ ጀርባሽን ሰጠሽን።

«ምን አፍሽን ይዘሽ ትቆሚያለሽ?» ብላ ዩጌት ጮኸችብኝ። «ጥሪያት እንጂ! ካልተጠሩ አይዞሩም!»

«ሮዝሊን!» ብዬ ጠራሁሽ።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የሰማሽኝ አልመሰለኝም ነበር። ግን ቆምሽ። ቀስ ብለሽ ዞርሽና መጀመሪያ መሰላሉን አየሽ። ከዚያ ዓይንሽ ወደ ላይ ወጣና እኔ ላይ አረፈ። ፈገግታሽ እንዳለ ቀረ፤ ፊትሽ ግን ወረቀት መሰለ። ልጅ ሆነሽ ሳህን ሰብረሽ ስጠራሽ የምታሳዪኝን ፊት አወቅኩት። አልጠላሽኝም፣ አልረሳሽኝም። ፈርተሽኛል። እኔን፣ እናትሽን፣ በሰው ፊት እንዳላጠፋሽ ፈራሽኝ። ከዚያ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ደረጃውን ወጣሽ።

ከመሰላሉ ወረድኩ። የቴሌቪዥን ሠራተኛ የሆነች አንዲት ልጅ ካሜራ አስከትላ ሮጣ መጣች።

«ማዳም! ኢዞር አንቺን አይታ ነው የቆመችው። ማን ብለሽ ነው የጠራሻት? ታውቂያታለሽ?»

ዩጌትም ታየኛለች። ማይክሮፎኑ አፌ ሥር ነው። ሮዝሊን፣ አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ቃሏም ምላሴ ላይ ነበረች። ያ ፊትሽ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

«እኔ? ከየት አውቃታለሁ» አልኩ። «ስሟን አሳስቼ ነው። ከሩቅ ነው የምወዳት።»

ልጅቷ ወደ ሌላ ሰው ሄደች። ዩጌት መሰላሉን በአንድ ጫፍ ይዛ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘችኝ። ባቡሩ ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ አለቀስኩ።

አሁን ሥጋትሽ ይውጣልሽ። ለዚያች ልጅ የመለስኩትን ለማንም እመልሳለሁ፤ ለገበያተኛውም፣ ለቄሱም፣ እስክሞት ድረስ። ቃሌ ነው። ሌላውን ሰው ሁሉ ፍሪ፣ እኔን ግን አትፍሪኝ፤ እሱን አልችለውም።

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። ከመቅደድሽ በፊት ግን በርሽን ዝጊና፣ ማንም በሌለበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ «እማዬ» በይ። እኔ አልሰማሽም። ቢሆንም በይው።

እናትሽ፣
አርሌት