ምንም የማይለው ፎርኬላ

ሰኞ፣ ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.፤ ከቀኑ ፲፩ ሰዓት

ጉልበቴን አጥቤ አዮዲን ቀባሁ። የሰው ቁስል ሲጠርግ የሚውል እጅ ለራሴ ሲሆን ግማሹን ብልቃጥ ደፋ። ድሬሰር ተብዬው እኔ! ክሊኒክ ቢሰሙ መሳቂያ ነኝ፤ አልነግራቸውም።

የሆነው እንዲህ ነው፣ ማስታወሻዬ። ከሥራ ስመለስ፣ ወደ ላፍቶ በሚያወርደው ቁልቁለት፣ ጭድ የተጫነ የኦቦ ቱሉ አህያ መንገድ መሐል ገባ። ፍሬን ያዝኩ። ጭቃ። ከነብስክሌቴ የድንጋይ ካቡ ላይ ወጣሁ። ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ አህያቸውን ትተው እኔን አነሱ። እንኳን አተረፈህ አሉኝ ደጋግመው።

አዎ፣ እንኳን። እህቴ አስካለ እንደ ሌላው ቀን ከኋላዬ ተጭና አልነበረችም። የአቦ ዕለት ስለሆነ የምትሠራበት ስፌት ቤት ዝግ ነው፤ እቤት ዋለች። ብትኖርስ? ግራ እግሯ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታዘዛትም። መዝለል አትችልም፤ መሮጥ አትችልም። ላስበው አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ ፮፤ ጠዋት

የፊት ጎማው ቸርኬ ጎብጧል። መሪው ዞሯል። እነዚህስ ይቃናሉ። የሚያስፈራኝ ፎርኬላው ነው፤ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዘው ባለሁለት እግር ብረት። ከአንገቱ ሥር ፀጉር የምታህል መስመር አለች። የተሰነጠቀው ቀለሙ ነው ወይስ ብረቱ? በጥፍሬ ፋቅኋት፤ በምራቅ አሸኋት። አልታወቀኝም። የሰው አጥንት ቢሆን ጫን አደርገውና ሲጮህ አውቅ ነበር።

እህቴ አስኩ ለባብሳ፣ ሻሿን አስራ በራፍ ላይ ተቀምጣለች። ስፌት ቤት የገባችው ከፋሲካ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከዚህ ግቢ መቼ ወጥታ ታውቃለች! አሁን ማታ ማታ የሰው ወሬ ይዛልኝ ትመጣለች። ዛሬ አንሄድም ስላት አልተከራከረችም። ሻሿን ፈታች። እሱን ማየት አልችልም።

ያው ቀን፤ ከሰዓት

እየገፋሁ ሸምሱ ዘንድ ወሰድኩት። ሸምሱ መካኒሳ አቦ፣ ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ብስክሌት ይጠግናል። እኔን «ሐኪሙ» ይለኛል፤ ሁለታችንም ስብራት ጠጋኝ ነን ባይ ነው። ጎማውን አወለቀ፤ ቸርኬውን ቀጥቅጦ አቃና። ፎርኬላውን በመፍቻ መታ፤ ጆሮውን አስጠጋ። ደግሞ መታ።

«ምንም አይልም፣ ሐኪሙ» አለኝ።

የሶላት ሰዓት ደርሶበት ኖሮ ለመታጠብ ወዲያው ወደ ጓሮ ገባ። እኔ ምን እጠብቃለሁ? ጎማውን መለስኩ፤ መሪውን በጉልበቴ መሐል ይዤ አቃናሁ፤ ወጣሁ። ምንም አይልም! እስከ ቤት እያፏጨሁ። አስኩ ሻሿን መልሳ አሰረች፣ ለነገው ገና ከዛሬው።

ዓርብ፣ ሰኔ ፱

ከረቡዕ ጀምሮ ጭኛት እመላለሳለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ሸሚዜን ጨምድዳ ትስቃለች። እኔ ዓይኔን ከመስመሯ ላይ አልነቅልም። የረዘመች መሰለኝ። ዓይኔ ነው? ሸምሱ አይቶታል፤ ምንም አይልም ብሏል፤ ምን አሟገተኝ? ክሊኒክ መርፌ እየወጋሁ ሐሳቤ ፎርኬላው ላይ ነው። አውቶቡስ ላፍቶ አይገባ። በቅሎ የለን። ለእኔ ሌላ ብስክሌት የለም፤ ለእሷ ሌላ እግር የለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ ፲



አስኩን አውርጄ ስፌት ቤት ካስገባኋት በኋላ ሸምሱ መንገድ አቋርጦ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ልጅቷን በዚህ ነው የምትጭናት? አለኝ። ምንም አይልም ብለኸኝ የለም ወይ፣ አልኩት።

«አዎ፣ ስመታው ምንም አይልም! ደህና ብረት ያቃጭላል። ይሄ ድምፅ የለውም፣ ሞቷል።»

ከሶላት ሲመለስ ሲያጣኝ፣ ተስፋ ቆርጦ እየገፋ ወሰደው ብሎ አስቧል፤ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ደግሞ ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ውሎ ስንመላለስ አላየንም። መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ራሱን ይዞ። ለዚህ ዓይነት የጣሊያን ብስክሌት የሚሆን ፎርኬላ መርካቶም አይገኝም አለኝ። ፈልጎ ያውቃል።

ማታ አስኩን ኮርቻው ላይ አስቀምጬ እየገፋሁ መለስኳት። ጎማው ተንፍሷል አልኳት። ሸምሱ ምን አለህ? አለችኝ። «ምንም አይልም» አልኳት። ቃሉን እንዳለ። ደስ አላት። እግዚኦ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

እሑድ፣ ሰኔ ፲፩

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ጸሎት አልመጣልኝም። በዝግታ ብነዳስ? ቁልቁለቱ ላይ ብትወርድስ? ክረምቱ እስኪያልፍ ብቻ? የበሽተኛ ዘመድ ክሊኒክ መጥቶ እንዲህ ሲለማመጠኝ እቆጣ ነበር። ከእንግዲህ አልቆጣም። ይህን ሥራ ስትይዝ ነው ሰው የሆነችው። እንዴት ብዬ ልቀማት?

ሰኞ፣ ሰኔ ፲፪

ጠዋት ሻሿን አስራ በራፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መፍቻውን ሰጠኋት። የኋላውን ብረት ምቺው አልኳት። አቃጨለ። የፊቱንስ? መታች። እንጨት የመታች ያህል። ጎንበስ ብላ ደግማ መታች፤ ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች።

«ጋሼ፣ ምንም አይልም ያልከኝ ይሄን ነው?»

አዎ፣ ይሄንኑ ነው አልኳት። አላለቀሰችም። ቀስ ብለን ብንሄድስ? አለችኝ። የእኔኑ የትናንት ቃል! እሺ ልላት ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር። ዛሬ ባልል ነገ እላታለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። መዶሻ አመጣሁና ፎርኬላውን ከመስመሯ ላይ መታሁት።

ሁለተኛ መምታት አላስፈለገም። ስብራቱ ውስጡ ዝጓል። ዳር ላይ ሳትሰነጠቅ የቀረች፣ ቁራጭ ጥፍር የምታህል ብረት ብቻ ታብረቀርቃለች። ያቺ ነበረች ሁለታችንን የያዘችው።

አስኩ ስብርባሪውን አየችው። ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ውስጥ ገባች። ሻሿን ፈታች። እንደ ሌላው ቀን ምስማሩ ላይ አልሰቀለችውም። አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።