የሻይ ብርጭቆዎቼ ስለተወሰዱበት የሳይንስ ትብብር

ይድረስ ለተከበሩ የሳሙና ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ፋብሪካዎ አጥር የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም እንደ በር ጠባቂዎ እንቅልፍ የጣፈጠ ይሁንልኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ተራ ነገር ነው፤ ሻይ የምጠጣው በሾርባ ሳህን ሆኗል። የእህቴ ልጅ ብርጭቆዎቼን በሙሉ ወስዳ ባቄላ ዘርታባቸው መስኮቱ ላይ ደርድራቸዋለች። ፋብሪካዎ ከትምህርት ቤቷ ጋር ለጀመረው የሳይንስ ትብብር የላኳቸው ሳይንቲስቶችዎ፣ አንዱን ንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን የሳሙና ውሃ እያጠጣችሁ ጠብቁን፤ ሲበቅል መጥተን ሥሩን አብረን እናያለን ብለው ነበር። ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዬ ግን ስላለው በቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ፦ ለልጆቹ ነጭ ጋዋን ስላለበሱልን እናመሰግናለን። የማስታወቂያዎ ፎቶ ተነሥቶ እንዳለቀ መልሰው መሰብሰብዎም አስተዋይነት ነው፤ ለብሰውት ቢውሉ ሳይንስ ሊጀምሩ ይችሉ ነበር።

፪ኛ፦ ያ ፎቶ አሁን ዋናው መንገድ ላይ ቤት አክሎ ተሰቅሏል። ማይክሮስኮፑ ላይ ያጎነበሰችው የእኔዋ ናት። ምን እንዳየች ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ክዳኑን እኮ አላነሡትም፤ ጨለማ ነው ያየሁት» አለችኝ። ጨለማን በዚህ ጥራት ያሳየልን ሌላ ድርጅት የለም።

፫ኛ፦ ባቄላው በቅሏል። የእርስዎን ሳሙና የጠጣው ግን ጎብጧል፤ ምናልባት ከመጠን በላይ ጸድቶ ይሆናል። ልጅቷ ለምን እንደጎበጠ የሚነግራት ሰው ስትጠብቅ ከረመች። መምህሯ ቢሮዎ ቢደውሉ፣ ፎቶ አንሺው ዕረፍት ላይ ስለሆነ ጉብኝት የለም ተባሉ። ዛሬ ጠዋት ታዲያ፣ «ውሸታቸውን ነው፤ ድፋውና ሻይህን ጠጣበት» ብላኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብርጭቆዬ ሊመለስልኝ ነውና ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ይኸው አንዱንም መድፋት አቅቶኝ እጽፍልዎታለሁ። ክቡር ሆይ፣ ይህች ልጅ ከእንግዲህ ሳይንቲስት የሚባል ሰው ቃል ቢገባላት…

ይቅርታ፣ በሩ ተንኳኳ።

ሳህኔን ከፍ አድርጌ ስለ ጤናዎ የምጠጣ፣ የሳሙናዎ የዘወትር ደንበኛ፣
ፎቶዎ ላይ ያለችው ልጅ አጎት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሩ ላይ የቆመችው ከሳይንቲስቶችዎ አንዷ ናት፤ በዕረፍት ቀኗ፣ የራሷን አጉሊ መነጽር በቦርሳዋ ይዛ። አሁን እሷና ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተንበርክከው ስለዚያ ጎባጣ ባቄላ ይከራከራሉ፤ እኔንም ብርሃን ጋረድክብን ብለው አባረውኛል። የትኛዋ ሳይንቲስት ናት ብለው ቢጠይቁኝ ስለ ሻይ ብርጭቆ ማውራት እጀምራለሁ። ደግሞም ፎቶ አንሺ ስላልነበረ፣ ጉብኝቱ እንዳልተካሄደ ይቁጠሩልኝ።