ግማሽ ጺሜና ሰዓሊው

አንተ ወሬኛ ፀጉር አስተካካይ፣ እንዴት ነህልኝ?

እዚህ በእንግድነት በመጣሁበት ከተማ አንድ ፀጉር ቤት ገብቼ ገና ግራ ጉንጬ እንደተላጨ፣ ጥግ ላይ ሸራ ወጥሮ የተቀመጠ ሰዓሊ «እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸ። ለካ ሰውዬው የሚስለው ኑሮን እንዳለ ነው፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። «ነገም በዚሁ ሰዓት እንደዚሁ ሆነህ ና» አለኝ። አንተም ወሬ ሲይዝህ ግማሽ ላይ ትተወኛለህ፤ ግን ሳይመሽ ትጨርሰኛለህ። እኔ አራት ቀን ሙሉ ከተማውን በግማሽ ጺም ዞርኩት!

ዛሬ ስዕሉ አለቀ። ፀጉር አስተካካዩ አለ፣ መስታወቱ አለ፣ የተቀደደው ፎጣ ሳይቀር አለ። ወንበሩ ባዶ ነው። «እኔስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አጠፋሁህ፤ እንዲህ ያለ ፊት አለ ብል ማን ያምነኛል?» አይለኝ መሰለህ!

ፖስትካርዱ ሞላ። እናትህን ሳምልኝ። የቀረውን ጉንጬን ላንተ ይዤልህ እመጣለሁ።